አሮጌ የፋይበር ዓሣ ማስገሪያ ጀልባ እንዴት ይታደሳል? ለጣና ዳርቻ የአሠራር መመሪያ

«ጀልባው አርጅቷል፤ ሰውነቱ ግን ደህና ነው። ቀለም ቀብቼ ሞተር ብሰቅልበት ይሄዳል?» ባሕር ዳርም ይሁን ዘጌ ወይም ጎርጎራ፣ አሮጌ የፋይበር ጀልባ እጁ የገባ ሰው ሁሉ ይህን ይጠይቃል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አይሄድም» ነው። የሃያና የሠላሳ ዓመት ጀልባ የሚሞተው ከላይ በሚታየው ፋይበር ሳይሆን በፋይበሩ መሐል በተቀበረው እንጨት ነው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሳለ የሚቀባ ቀለም ውሃውን ውስጥ ይቆልፈዋል። ጀልባው ላዩ ያምራል፤ ውስጡ ለቄስ ይሆናል፤ ሞተሩም አንድ ቀን ማዕበል ላይ ከነማሰሪያው ተነቅሎ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ ከ5 እስከ 6 ሜትር ርዝመት ላለው፣ የመሪው ሳጥን (ኮንሶሉ) መሐል ላይ ለቆመ፣ ከ15 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ለሚሸከም የፋይበር ጀልባ ነው። የብረት ጀልባ ሥራው ሌላ ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፤ አንዱ ደረጃ ሳያልቅ ወደ ቀጣዩ የሄደ ሰው የሠራውን መልሶ ያፈርሳል።

መቼ ይጀመር

ጀልባውን ለማውጣት ጥቅምት ይመቻል፤ ዝናቡ አልፎ ሐይቁ ገና ሙሉ ስለሆነ እስከ ዳር ተጠግቶ ይወጣል። ኅዳርንና ታኅሣሥን ለመፈተሽ፣ ለመፍታትና ለማድረቅ ተጠቀሙባቸው። ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጣብቀው፣ ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) የሚነካውን ሥራ የካቲትና መጋቢት ላይ አድርሱት። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ማታ የተለጠፈ ፋይበር በደንብ ሳይጠነክር ያድራል። ግንቦት ሳያልቅ ጨርሱ፤ ሰኔ ላይ ተከፍቶ የተገኘ ጀልባ እስከ መስከረም አይደርቅም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

መጠኑ የሞተር ግድግዳው (ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ) እና ወለሉ ሁለቱም ለሚቀየሩለት ጀልባ ነው።

- ኮምፖንሳቶ፦ 18 ሚሊ ሜትር አንድ ሙሉ (122 በ244 ሳንቲ ሜትር) ለሞተር ግድግዳ፣ 12 ሚሊ ሜትር ሦስት ለወለል። ሙጫው ውሃ የሚችል መሆን አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ ወስዳችሁ አንድ ሰዓት አፍሉት፤ ንብርብሩ ከተላቀቀ አትግዙት።
- ፖሊስተር ሬዚን ከ30 እስከ 35 ኪሎ፣ ከነማድረቂያው (ሃርድነሩ 1 ኪሎ ይበቃል)
- ባለ 450 ግራም የፋይበር ማት፣ 30 ካሬ ሜትር ያህል
- ኢፖክሲ ሬዚን 2 ኪሎ ለቡሎን ቀዳዳዎች፣ እንዲሁም ኢፖክሲ ስቱኮ
- ታልክ ዱቄት 3 ኪሎ፣ አሴቶን 5 ሊትር
- የፖሊዩሪቴን ማሸጊያ 4 ቱቦ (ሲሊኮን አይተካውም)
- የማይዝግ ብረት ቡሎን፣ ዳዶና ሰፋፊ ሮንዴላ
- ግራይንደር ከ40 እና ከ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ጋር፣ ትራፓኖ፣ መሮ፣ ቢያንስ ስድስት ሞርሳ
- ብሩሽ፣ ሩሎ፣ አየር የሚያስወጣው ባለ ጥርስ የብረት ሩሎ
- የኩሽና ሚዛን፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ረጅም ሲባጎ
- መነጽር፣ ጓንት፣ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ጭምብል። የጨርቅ ማስክ አቧራውንም ትነቱንም አይችልም።

ከመጀመራችሁ በፊት የምታውቋቸው አደጋዎች

ማድረቂያው ዓይን ያጠፋል። መነጽር ሳታደርጉ ቆርቆሮውን አትክፈቱ። ከተረጨባችሁ ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ።

ሬዚኑ ያለ ማፋጠኛ የተሸጠ ከሆነ ኮባልት የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ አብሮት ይመጣል። ኮባልትንና ማድረቂያን በቀጥታ አታገናኙ፤ ይፈነዳል። መጀመሪያ ኮባልቱን ከሬዚኑ ጋር ፈጽሞ አዋሕዱ፤ ማድረቂያው ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ሲሪንጁም ለየብቻ ይሁን። ኮባልቱ አስቀድሞ የገባበት ሬዚን ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

አሴቶንና ሬዚን በእሳት ይያዛሉ። የቡና ከሰል፣ ሲጋራና ብየዳ ከሥራው ቦታ ይራቁ። ቆርቆሮ ውስጥ የተረፈ ሬዚን በራሱ ግሎ ይጨሳል፤ አፈር ላይ በስሱ አፍስሱት እንጂ ከነጨርቁ ጥግ ላይ አትተዉት። የተፋቀውን አቧራና የታጠበበትን አሴቶን ወደ ሐይቁ አትድፉ፤ ሰው የሚጠጣው፣ ዓሣውም የሚኖርበት ውሃ ነው።

1. ጀልባውን ደልድሉና ደግፉ

ወለሉን ወይም የሞተር ግድግዳውን ከማንሣታችሁ በፊት ጀልባው ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ተደግፎ ይቀመጥ፦ ፊቱ፣ መሐሉና ከሞተር ግድግዳው ሥር። የባሕር ዛፍ ግንድ አጋድማችሁ በላዩ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ብታደርጉ የታችኛውን ቅርጽ ይዞ ይቀበላል። ከግራና ከቀኝም በእንጨት ደግፉት።

ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ጀልባውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ወለሉና ከሥሩ ያሉት ወራጆች (ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉት ድጋፎች) ስለሆኑ፣ እነሱ ሲነሡ ሰውነቱ እንደተቀመጠበት ይጣመማል። ተጣምሞ ሳለ አዲስ ወለል ከተለጠፈበት ጠማማነቱ ቋሚ ይሆናል፤ በኋላም ውሃ ላይ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ወይም ፊቱ እየተነሣና እየወረደ ይሄዳል። ሲባጎ ከፊት እስከ ኋላ በጀልባው ሆድ መሐል ወጥራችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ። ክፍተት ካለ ከረጢቱን ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

2. ፈትሹ፤ ሳታዩ አትቁረጡ

የሞተር ግድግዳውን ሞተሩ ሳይወርድ ፈትኑት። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥታችሁ ቆልፉት፤ አንድ ሰው የሞተሩን እግር ወደ ታች ይጫን፣ ሌላው የግድግዳውን የላይኛ ጠርዝ ይመልከት። ጠርዙ ሲንቀሳቀስ በዓይን ከታየ እንጨቱ አልቋል።

ቀጥሎ ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንኳኩ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የረጠበው ወይም ከፋይበሩ የተላቀቀው ድፍን ነው። ድፍኑን በጠመኔ ክበቡት። ወለሉንም፣ ወራጆቹንም እንዲሁ።

መዶሻ ያመላክታል፤ ቁርጡን የሚናገረው ትራፓኖ ነው። በ5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ከውስጥ በኩል ብቻ ብሱ። መሰርሰሪያው ወደ ውጭ እንዳያልፍ ከጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ፕላስተር ጠቅልሉበት። አምስት ቦታ ይበቃል፦ ሁለቱ የታች ማዕዘኖች፣ ከውሃ ማፍሰሻው ቀዳዳ አጠገብ፣ ከሞተር ቡሎን አጠገብ፣ ከመሐል ከፍ ብሎ። የሚወጣውን ፍቅፋቂ መዳፋችሁ ላይ ተቀበሉት። ፈዛዛ፣ ደረቅና ጭረት ያለው ከሆነ እንጨቱ ይኖራል። የቡና አተላ የመሰለ፣ ጠቁሮ ጣት ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ሞቷል። ላይኛው ቀዳዳ ደረቅ ስለሆነ ብቻ አትጽናኑ፤ ብስባሴ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ይጀምራል፣ ከማፍሰሻው ቀዳዳም ዙሪያ።

በየቀዳዳው ኢፖክሲ በመርፌ መውጋት መፍትሔ ይመስላል፤ ርጥብ እንጨት ግን ኢፖክሲ አይመጥም። የተወጋው ነገር ቀዳዳው አጠገብ ይደርቅና በዙሪያው ያለው መበስበሱን ይቀጥላል።

አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ወስኑ። የሞተር ግድግዳው፣ ወራጆቹና ወለሉ ሦስቱም ሞተው፣ የጀልባው ሆድ ራሱ በመዳፍ ሲጫን የሚገባ ከሆነ ገንዘባችሁን አታፍስሱበት። ሆዱ ጠንካራ ከሆነ ግን የቀረው ሁሉ ይሠራል።

3. ፍቱና አድርቁ

ሞተሩን፣ ኮንሶሉን፣ ታንከሩን፣ ሽቦውን አውጡ። ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱን ሽቦና ኬብል ፎቶ አንሡ፤ የመሪውን ኬብል ርዝመትም ለኩ።

ወለሉን ስትቆርጡ ከጎን ግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ተዉ፤ አዲሱ ወለል የሚያርፍበት መደብ ይሆናል። የግራይንደሩን ጥልቀት ከወለሉ ውፍረት አታሳልፉ፤ ከሥሩ ወራጅ አለ፣ ከወራጁም ሥር የጀልባው ሆድ።

ከወለሉ ሥር የተሞላ ፎም ካለ ቆንጥራችሁ ጭመቁት። ውሃ ካንጠባጠበ ሁሉንም አውጡት፤ አንዴ ውሃ የያዘ ፎም ፀሐይ ላይ ወራት ቢቆይም ውስጡ አይደርቅም። «ጀልባዬ ከበደ፣ ሞተሩ አልጎትት አለ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ምክንያቱ ይህ ነው።

ሸራውን ከፍ አድርጋችሁ እንደ ዳስ ወጥሩት፤ ነፋስ ከሥሩ ይለፍ። ቀን ቀን ክፈቱት፣ ማታ ጤዛ እንዳይወርድበት ሸፍኑት። መድረቁን ለማወቅ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ፕላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ፋይበሩ ላይ ለጥፉና 24 ሰዓት ጠብቁ። ከፕላስቲኩ ሥር ላብ ከታየ ገና ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ፣ የተለያየ ቦታ ላይ ለጥፋችሁ ላብ ካጣችሁ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ።

4. የሞተር ግድግዳውን ቀይሩ

የሥራው ሁሉ እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ። ከውስጥ በኩል መሥራት ይሻላል፤ የውጭው ፋይበር እንደ ቅርጽ ማውጫ ሆኖ ያገለግላል።

ሀ. ከመቁረጣችሁ በፊት ለኩ። ግድግዳው ከጀልባው ሆድ እስከ ላይኛ ጠርዙ ያለው ቁመት ለአጭር እግር ሞተር 38፣ ለረጅም እግር 51 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ወደ ኋላ ያለውን ዝንባሌም በካርቶን ቀርጻችሁ አስቀምጡ። ከሁለቱ አንዱ ከተዛባ ሞተሩ አየር ይስባል ወይም ጀልባውን ያጎነብሰዋል።

ለ. የውስጡን ፋይበር ከዳር 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ቁረጡ፤ የበሰበሰውን በመሮ አውጡ። የውጭውን ፋይበር እንዳትበሱት መሮውን አጋድማችሁ ያዙ።

ሐ. ንጹሕ ፋይበር እስኪታይ በ40 ቁጥር ፋቁ። ጠቁሮ የቀረ እንጨት ካለ አዲሱ ሬዚን የሚይዘው ያንን እንጂ ጀልባውን አይደለም። ሲያልቅ በአሴቶን ጥረጉ።

መ. ካርቶኑን ተከትላችሁ ከ18 ሚሊው ኮምፖንሳቶ ሁለት ንብርብር ቁረጡ፤ ተጣብቀው 36 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ፋይበሩ ሲጨመርበት ለ40 ፈረስ ጉልበት የሚበቃ ውፍረት ነው። ሳትለጥፉ አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑረው።

ሠ. እንጨቱን በሁሉም ገጹ፣ በተለይ በተቆረጠው ጠርዙ፣ ሬዚን አጠጡት። ይህን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አድርጉት። እንጨቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስባል። ጠዋት ፀሐይ እየከረረ ሲሄድ ከተቀባ አየሩ ተስፋፍቶ እየወጣ ፊቱን በአረፋ ይሞላዋል።

ረ. ሬዚንና ታልክ እስኪወፍር ደባልቁ፤ ከማቱ የተቀነጠበ ጭረት ጨምሩበት። የውጭውን ፋይበርና እንጨቱን ሁለቱንም በባለ ጥርስ የግንበኛ ማንኪያ ቀቡ። እንጨቱን አስገብታችሁ በጠንካራ ጣውላና በሞርሳ ጭመቁ። መሐሉ ላይ ሞርሳ ስለማይደርስ በአሮጌዎቹ የሞተር ቀዳዳዎች ሰም የተቀባ ቡሎን አሳልፋችሁ እሰሩ። ድብልቁ በዙሪያው ሁሉ እየተጨመቀ መውጣት አለበት፤ ካልወጣበት ቦታ በስተውስጥ ባዶ አለ ማለት ነው። ሲባጎ በውጭው ፊት ላይ ወጥራችሁ ቀጥ ማለቱን ሳታረጋግጡ አትሂዱ።

ሰ. ሲጠነክር ማዕዘኖቹን በዚያው ድብልቅ አለስልሱ፤ ክቡ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ማት ቀጥ ባለ ማዕዘን ላይ አይተኛም፤ ከሥሩ አየር ይቀራል።

ሸ. አራት ንብርብር ማት ለጥፉ። ከግድግዳው አልፎ ወደ ጎንና ወደ ሆድ የሚሄደው ክፍል የመጀመሪያው 10፣ ከዚያ 15፣ 20፣ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ካለቁ ጀልባው በዚያ መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ሁለቱን ለጥፋችሁ ሙቀቱ እስኪበርድ ጠብቁ፤ አራቱ በአንድ ጊዜ ከተደረጉ ይግሉና ፋይበሩ ይሸበሸባል።

ስለ ሬዚኑ፦ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው

ለ1 ኪሎ ሬዚን ማድረቂያው ከ10 እስከ 20 ሲሲ ነው። 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ 15 ሲሲ ያዙ፤ ቀኑ ሲሞቅ ወደ 10፣ ሲቀዘቅዝ ወደ 20። በዓይን አትገምቱ፤ ሬዚኑን በሚዛን፣ ማድረቂያውን በሲሪንጅ ለኩ። መጀመሪያ 100 ግራም ደባልቃችሁ የሚረጋበትን ደቂቃ ቁጠሩ፤ ያ የሥራ ጊዜያችሁ ነው። ከ1 ኪሎ በላይ በአንድ ጊዜ አትደባልቁ።

ለ1 ኪሎ ማት ከ2 እስከ 2 ተኩል ኪሎ ሬዚን ይሄዳል። ማቱ ነጭነቱ ጠፍቶ ከሥሩ ያለው እስኪታይ መጥጦ፣ ነገር ግን ሬዚኑ ሳይኩረፈረፍና ሳይፈስ ሲቀር ልክ ነው።

- *ከሁለት ቀን በኋላም ለስላሳ ነው።* ማድረቂያው ከ10 ሲሲ በታች ነበር፣ ወይም በደንብ አልተማሰለም። አይድንም፤ ፍቃችሁ አውጡት። በላዩ ሌላ መለጠፍ ችግሩን መቅበር ነው።
- *ጠንክሯል፤ ላዩ ብቻ እጅ ይይዛል።* ጤነኛ ነው። ሰም የሌለው ሬዚን አየር በነካው ፊት እንዲሁ ይሆናል፤ ቀጣዩ ንብርብር እንዲይዝም ይጠቅማል። የመጨረሻው ንብርብር ላይ ግን ሰም ያለው ሬዚን ተጠቀሙ ወይም ፕላስቲክ ሸፍኑበት።
- *ንብርብሩ እንደ ቅርፊት ተነሣ።* ሰም ባለው ወይም ብዙ ቀን በቆየ ፊት ላይ ሳይፋቅ ተለጥፏል።
- *ፊቱ ተሰነጣጠቀ።* ማድረቂያው በዝቷል ወይም የቀትር ፀሐይ በቀጥታ መቶታል። ሁልጊዜ ጥላ ሥር ሥሩ።
- *ፖሊስተሩ ኢፖክሲ ላይ አልያዘም።* ኢፖክሲ በፖሊስተር ላይ ይይዛል፤ ፖሊስተር በኢፖክሲ ላይ አስተማማኝ አይደለም። ኢፖክሲ ከገባበት ቦታ በኋላ በኢፖክሲ ቀጥሉ።

5. ወራጆቹ

ወራጅ የሞተሩን ግፊትና የማዕበሉን ምት ከኋላ ወደ ፊት የሚያከፋፍል ነው። ውስጡ ደረቅ ከሆነ አትንኩት። የበሰበሰው ግማሹ ብቻ ከሆነ እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጣችሁ አውጡ፤ አዲሱንና አሮጌውን በሰያፍ አገናኙ፤ የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱን ስምንት እጥፍ ይሁን። አንዱን ወራጅ ጨርሳችሁ ሳይጠነክር ሌላውን አታውጡ፤ ቅርጹን የያዘው እሱ ነው። ከጀልባው ሆድ ጋር በሦስት ንብርብር ማት አያይዙት፤ ውሃ ወደ ኋላ የሚፈስበት ቀዳዳ ከሥሩ ሲተው የቀዳዳው ውስጥም በሬዚን ይታሸግ።

6. ወለሉ

12 ሚሊውን ኮምፖንሳቶ ቁረጡ፣ ሞክሩ። የታችኛውን ፊት *ከመግባቱ በፊት* በአንድ ንብርብር ማት ሸፍኑት፤ ከገባ በኋላ እጅ አይደርስበትም፣ ውሃ የሚተንበት ደግሞ በዚያ በኩል ነው። በወፍራም ድብልቅ ወራጆቹ ላይ አጣብቁት፣ ላዩን በሁለት ንብርብር ጨርሱ። ወለሉ ወደ ኋላ ትንሽ ያዘንብል፤ ዓሣ የሚታጠብበት ውሃ የሚቆምበት ጉድጓድ አይኑር።

ለመንሳፈፊያ ባዶ ቦታውን የሚሞላ ፖሊዩሪቴን ፎም ካጣችሁ ክዳናቸው በደንብ የታሸገ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ከወለሉ ሥር አስሩ፤ እያንዳንዱ 20 ኪሎ ገደማ ወደ ላይ ይገፋል። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ግን አታድርጉ፤ ፖሊስተር ሬዚንም ቤንዚንም ያሟሟዋል።

7. ፊኛ፣ ስንጥቅና ቀለም

የጀልባው ሆድ ላይ ፊኛ (ፈሳሽ ቋጥሮ ያበጠ ቦታ) ካለ በመሮ ጫፍ ክፈቱት። ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ውሃ በጄልኮቱ (ፋይበሩን ከውጭ በሸፈነው አንጸባራቂ ልባጥ) ሾልኮ ገብቷል፤ እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውሃ ከባሕር ይልቅ በፍጥነት ይመጣል። ሁሉንም ክፈቱ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ሳምንታት አድርቁ፣ ከዚያ በኢፖክሲ ስቱኮ ሙሉ። ጥልቅ ስንጥቅ ከሆነ የጥልቀቱን 12 እጥፍ በየጎኑ በሰያፍ ፋቁት፤ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላለው በየጎኑ 6 ሳንቲ ሜትር። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ የተሞላ ፋይበር እንደ ቡሽ ይወጣል።

ለቀለም መጀመሪያ በአሴቶን ጥረጉ፣ ቀጥሎ ፋቁ። ተገላቢጦሹ የድሮውን ሰም ወደ ጭረቱ ያስገባዋል። በ180 ከዚያ በ320 ቁጥር፣ አንድ እጅ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ሁለት እጅ ባለ ሁለት ቆርቆሮ ፖሊዩሪቴን። በሩሎና በብሩሽ ቀቡት፤ በመርጫ መርጨት ልዩ መከላከያ ከሌለ ሳንባ ይጎዳል። ወለሉ እንዳያንሸራትት ቀለሙ ሳይደርቅ የታጠበና የተነፋ ደቃቅ አሸዋ በትኑበት፤ ሲደርቅ ትርፉን ጠርጋችሁ አንድ እጅ ድገሙ። መዳብ ያለበት የባሕር መርከብ ቀለም እዚህ አያስፈልግም፤ ሐይቁን ብቻ ይመርዛል።

8. የሞተር ቀዳዳ፣ ኮንሶልና ሽቦ

በአዲሱ ግድግዳ ላይ ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን በቀጥታ በ12 አትብሱ። በ20 ብሱት፣ በታልክ የወፈረ ኢፖክሲ ሙሉት፣ ሲጠነክር መሐሉን በ12 ብሱ። ቡሎኑ ኢፖክሲ ውስጥ ስለሚያልፍ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃ እንጨቱን አያገኘውም። የድሮው ግድግዳ የሞተው እንዲህ ስላልተደረገ ነው። የውሃ ማፍሰሻውንም ቀዳዳ፣ ወደፊት የሚበሳውንም ሁሉ እንዲሁ።

ኮንሶሉን በቪቴ ብቻ ወለሉ ላይ አትትከሉ፤ አሽከርካሪው ማዕበል ላይ የሚደገፈው እሱን ነው። ከወለሉ ሥር ኮምፖንሳቶ ጨምራችሁ በቡሎን አሳልፉ።

ሽቦው በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ቢሆን ይመረጣል። ለውሃ መምጠጫ ፓምፕ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዋናውን ፊውዝ ከባትሪው 18 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት አድርጉ፤ ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ሲገናኝ የሚያቋርጠው የለም። ፓምፑ ከዋናው ማጥፊያ በፊት የራሱ ፊውዝ ኖሮት ይያያዝ፤ ጀልባው ታስሮ ሲያድርም ይሠራል። ሽቦ በጥርስና በጠምዛዛ አይቀጠልም፤ በተጨመቀ ማያያዣ ይሁን። ባትሪና የቤንዚን ታንከር አንድ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ አይቀመጡ።

9. ሞተሩ

የሲሊንደሮቹን ግፊት ለኩ፤ በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሌላ ወጪ ሳታወጡ መካኒክ ያሳዩ። ካንዴላ፣ የቤንዚን ቱቦና ፊልትሮ በአዲስ ተኩ። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ስትለቁት ወተት ከመሰለ ፓራዮሊው (ዘንጉ ላይ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ) ውሃ አስገብቷል። አዲሱን ዘይት *ከታችኛው* ቀዳዳ እየገፋችሁ በላይኛው እስኪወጣ ሙሉ፤ ከላይ ከተሞላ አየር ይቀራል።

የውሃ ፓምፑን የጎማ መዘውር ያለ ጥያቄ ቀይሩ። ክረምት ላይ እነ ጉማራና ርብ ወንዞች የሚያመጡት ደለል ይበላዋል። ስታስገቡ ዘንጉ ወደሚዞርበት አቅጣጫ እያዞራችሁ ይሁን። ሞተሩን ያለ ውሃ ለአፍታም አታስነሡ፤ በርሜል ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ሞክሩ።

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ስለሚያጣ 40 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚህ የሚሰጠው ወደ 33 ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ላይ አምራቹ የሚለውን ዙር ካልደረሰ፣ በ1 ወይም በ2 ኢንች ያነሰ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋበት ርቀት) ያለው ፕሮፔለር አድርጉ። አልደርስ ብሎ እየተጨነቀ የሚሠራ ሞተር ይግላል፤ ጥቁር ጭስና ጥቁር ካንዴላም ካያችሁ የካርቡራተሩን ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ለከፍታ በተሠራው መጠን ቀይሩ።

ባለ ሁለት ምት ከሆነ 50 ለ1 ማለት ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሲሲ ዘይት ነው፤ የሞተራችሁ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። በጀሪካን የሰነበተ ቤንዚን ውሃ ስለማያጣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ መሐል ላይ አስገቡ።

10. ወደ ውሃ ማውረድ

ከመውረዱ በፊት፣ ድጋፎቹ እንዳሉ፣ ከወለሉ ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ጨምራችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከውጭ የረጠበበትን ምልክት አድርጉ። የሚያፈሰው ቦታ መሬት ላይ በሁለት ሰዓት ይጠገናል፤ ሐይቅ ላይ ግን ከየት እንደሆነ አይታይም።

የመጀመሪያውን ጉዞ ጠዋት፣ ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት አድርጉት፤ ከዳር አትራቁ፣ ሁሉም ሰው የሕይወት ጃኬት ይልበስ። ወደ ዓባይ መውጫ አትሂዱ፤ የውሃው ፍሰትም ጉማሬውም ላልተሞከረ ሞተር አይሆኑም። የማቀዝቀዣው ውሃ ከሞተሩ ጎን ሳይቋረጥ መውጣቱን እያያችሁ ሂዱ። እንቦጭ ካለበት ቦታ ካለፋችሁ እና ውሃው ከቀጠነ ወዲያው አጥፉ፣ ሞተሩን አንሡ፣ የውሃ መግቢያውን ጥረጉ።

ስትመለሱ ማፍሰሻውን ከፍታችሁ የወጣውን ውሃ በባልዲ ለኩ። የሞተሩን ቡሎኖች እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ ማሸጊያ ሲጨመቅ ይላላሉ። ከመጀመሪያዎቹ 10 የሥራ ሰዓቶች በኋላ የማርሽ ዘይቱን ትንሽ ቀድታችሁ ተመልከቱ፤ አሁንም ወተት ከመሰለ ፓራዮሊው እንደገና ይከፈታል። በዚያው ቀን የሞተር ግድግዳውን የላይኛ ጠርዝ በ2ኛው ደረጃ እንዳደረጋችሁት ተጭናችሁ እዩ፤ መንቀሳቀስ የለበትም።